ምሬቴን የት ላድርገው?

ትልቅ መከራ የደረሰበትን ሰው ወዳጅ ዘመድ ይከበዋል። ያጽናኑታል፣ አብረውት ያለቅሳሉ፣ ብቻውን እንዳይሆን አብረውት ያድራሉ። የዕለት ተዕለት ምሬት ግን አጽናኝ የለውም። ማንም አልሞተባችሁም። ከሥራ አልተባረራችሁም። ሐኪም የነገራችሁ ክፉ ነገር የለም። ግን ጠዋት ስትነሱ ልባችሁ ከብዷል። ስልካችሁን ስትከፍቱ ሰው ሰውን ሲያዋርድ ታያላችሁ። ሥራ ቦታ ስትደርሱ ሐሜቱ ቀድሟችሁ ገብቷል። ማታ ደግሞ እናንተው የቀኑን ጥፋት ሁሉ ሰብስባችሁ ቤት ታስገባላችሁ። "ምን ሆናችሁ ነው?" ቢሏችሁ መልስ የላችሁም። ምንም አልሆናችሁማ።

እኔ እንዲህ ሆኜ ብዙ ጊዜ ኖሬያለሁ። እምነት አለኝ። የሚወደኝ ባል አለኝ። የሚደውሉልኝ ሰዎች አሉ። ይሄ ሁሉ እያለ ግን ነገር አይጥመኝም ነበር። ሰው ሲስቅ ምን አስቆት ነው እላለሁ። ጸሎት ላይ ስቆም አፌ ይናገራል፣ ልቤ ቀን የተባልኩትን ያመነዥካል። ከዚያ እንዴት እንደወጣሁ ብዙ ሴቶች ስለጠየቁኝ ነው ይህን የምጽፈው። ለወንዶችም ይሆናል፣ እነሱ እንደኛ አይጠይቁም እንጂ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ክፉ ክፉው ብቻ የሚታያችሁ እምነታችሁ ስለጎደለ አይደለም። የሰው አእምሮ እንዲያ ነው የተሠራው። ሮይ ባውማይስተር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እስከዚያ ድረስ የተሠሩ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ አየ። ከሞላ ጎደል በሁሉም ዘርፍ ያገኙት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ክፉው ከደጉ ይበረታል። ወቀሳ ከምስጋና ይልቅ ልብ ውስጥ ይቀራል። በአንድ ክፉ ቀን የተበላሸ ስሜት በአንድ ደግ ቀን አይካካስም። አደጋን ቶሎ የሚያይ ሰው በሕይወት ይተርፋልና አእምሯችን ለክፉ ነገር ንቁ መሆኑ አንድ ጥቅም አለው። ችግሩ ዛሬ አደጋው በየደቂቃው በስልክ መምጣቱ ነው።

ይህን ማወቄ ብቻውን ብዙ አሳረፈኝ። "ምን ዓይነት ምስጋና ቢስ ነኝ" እያልኩ ራሴን መውቀሴ ቀረ። ራስን መውቀስ ሌላ የምሬት ዓይነት ነው። ከዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ እሱ ሲጨመርበት ሰው አይችልም።

ቀጥሎ ያየሁት ነገር ግን የበለጠ አስደነገጠኝ። ሥራ ቦታ በጣም የምወዳት አንዲት ጓደኛ አለችኝ። ምሳ አብረን እንወጣለን። አንድ ቀን ቁጭ እንዳልን "ዛሬ ደግሞ ያ ሰውዬ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ?" አለችኝ። ገና ሳትጨርስ እኔ የራሴን ጀመርኩ። እሷ ስትጨምር እኔ ስጨምር የምሳ ሰዓቱ አለቀ። ስንነሳ ግን እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር" አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔም እንደዚያ ነው የሚሰማኝ። ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ ግን ከምሳ በፊት ከነበርኩት ይልቅ ደሜ ፈልቷል። የሰውየውን ድምፅ ከሩቅ ስሰማ ሆዴ ይገለባበጣል።

ነገሩን ሳስበው የኛ ፍቅር መዋያው ምሬት ሆኖ ነበር። የምንቀራረበው በምሬት ነው፣ የምንተማመነው በምሬት ነው። አማንዳ ሮዝ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ጥናት በልጆችና በጎረምሶች ጓደኝነት ውስጥ ይህንኑ አይታለች። አንዱን ችግር እያነሱ እየጣሉ፣ ደጋግመው የሚያወሩ ጓደኛሞች ቅርርባቸው ይጠብቃል። ነገር ግን ጭንቀቱና ድብርቱም እነሱ ላይ በርትቶ ይታያል። ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚመጡት። ለዚህ ነው ማማረርን መተው የሚከብደው። ምሬቱን ስትተዉት ጓደኛዋንም የምታጡ ይመስላችኋል።

እኔ ጓደኛዬን ማጣት አልፈለግኩም። "ከአሉታዊ ሰዎች ራቁ" የሚለው ምክር በየቦታው ይነገራል፣ እኔ ግን ብዙም አይዋጥልኝም። ከሁሉም ከራቅን ማን ይቀራል? ደግሞስ ለሌላው ሰው አሉታዊዋ ሰው እኔ ብሆንስ? የሚያስፈልገኝ ከሰው መራቅ ሳይሆን ለምሬቴ ሌላ ቦታ መፈለግ ነበር።

ቦታውን ያሳዩኝ አንድ የማከብራቸው አባት ናቸው። ሄጄ ረጅም ነገር አወራኋቸው። ጸሎት አልሆን እንዳለኝ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያስመርረኝ፣ ስለ ሥራ ቦታው፣ ስለ ሁሉም። ዝም ብለው ሰሙኝና "ልጄ፣ ይሄን አሁን ለኔ የነገርሽኝን ለእግዚአብሔር ነግረሽው ታውቂያለሽ?" አሉኝ። "እሱማ ያውቀዋል አባ" አልኳቸው። "ማወቁንማ ያውቃል። አንቺ ነግረሽዋል ወይ ነው ያልኩሽ" አሉኝ።

አልነገርኩትም። እኔ ጸሎት የማውቀው በምስጋናና በልመና ነው። ቅሬታ ለእግዚአብሔር መንገር ድፍረት ይመስለኝ ነበር። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው ያደግነው። "ተመስገን በይ" እንባላለን፣ ተመስገን እንላለን፣ ሆዳችን ግን ሌላ ነገር እያለ ነው።

እሳቸው ያዘዙኝ መዝሙረ ዳዊትን ከመጀመሪያው እንዳነበው ነበር። ሰው ሁሉ የሚወዳቸውን የምስጋና ምዕራፎች ብቻ መርጬ ሳይሆን ተራ በተራ። 13ኛውን (በአንዳንድ እትሞች 12ኛ ነው) ሳነብ እስከ መቼ ትረሳኛለህ ብሎ ይጀምራል። ደጋግሞ እስከ መቼ ይላል። ይሄ የተጣላ ሰው ንግግር ነው። 88ኛው ደግሞ (በሌላው ቁጥር 87ኛ) ከዚያም ይብሳል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲያለቅስ ቆይቶ ያለ መጽናኛ፣ ጨለማን እያነሳ ያበቃል። ይህ እንግዲህ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ያለ ነው። እንዲህ ብሎ መጸለይ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ከጸሎቶቹ ጋር አይጻፍም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጀመርኩ። ማታ ሁሉም ሲተኛ ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እናገራለሁ። በሚያምር ቃል አይደለም። "ጌታዬ፣ ዛሬ ሰው ፊት አዋረደኝ። አፈርኩ። ቆሽቴ አረረ። አንተ የት ነበርክ?" እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ግድግዳ የማናግር መሰለኝ። ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ምሳ ላይ ለጓደኛዬ ስናገር ወሬዬ ሁሉ ስለ ሰውየው ነው። እሱ እንዲህ አለ፣ እሱ እንዲህ ነው፣ እሱን ያየ ሰው... ወጥ ቤት ውስጥ ስናገር ግን ወሬው ቶሎ ወደ እኔ ይመለሳል። አፈርኩ፣ ፈራሁ፣ ደከመኝ። እግዚአብሔር ፊት ሰውን ረጅም ሰዓት ማማት አይቻልም መሰለኝ። ትንሽ ካማሁት በኋላ የሚቀረው የራሴ ቁስል ነው።

በማማረርና በእንባ ጸሎት መካከል ያየሁት ልዩነት ይሄ ነው። ማማረር ስለ አንድ ሰው ለሌላ ሰው ነው፣ መጨረሻ የለውም። ጸሎቱ ግን ሰሚ አለው፣ ስለ ራሴ ነው፣ ደግሞ ያልቃል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የምለው ይጠፋኛል፣ እተኛለሁ።

ስሜትን በስሙ መጥራት አእምሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ በጥናትም ታይቷል። ማቲው ሊበርማን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጥናት ሰዎች የተቆጣና የፈራ ፊት እየታያቸው አንጎላቸው በመሣሪያ ይታይ ነበር። ያዩትን ስሜት "ቁጣ"፣ "ፍርሃት" ብለው በቃል ሲሰይሙት አሚግዳላ የሚባለው፣ ለአደጋ የሚነቃው የአንጎል ክፍል ረገብ ይላል። ስለዚህ እምነት የሌለው ሰውም ይህን ማድረግ ይችላል። በወረቀት ላይ ይጻፈው። "ተበሳጨሁ" ብሎ አይለፈው፤ ተናቀ? ቀና? ናፈቀ? ለይቶ ይጻፈው። እኔ ግን የሚሰማኝ አለ ብዬ ስናገር የማገኘውን እረፍት ወረቀት አልሰጠኝም። የሚያጽናና ድምፅ እሰማለሁ ማለቴ አይደለም። ብቻዬን አለመሆኔ ነው።

ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ታሪክ ላንሳ፣ ምክንያቱም ስለ ነፍስ ስናወራ ሥጋን እንረሳለን። ነቢዩ ኤልያስ ሞትን የለመነበት ቀን አለ። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 19 ላይ ነው። ከዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ "በቃኝ" አለና ተኛ። መልአክ መጥቶ ምን አደረገ? አልሰበከውም። አልገሠጸውም። ቀስቅሶ "ብላ" አለው። የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው። ከእግዚአብሔር ጋር የተነጋገረው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፣ ያውም ረጅም መንገድ ሄዶ። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ስለ ሕይወቴ ምንም ነገር አልወስንም። በዚያ ሰዓት ሁሉም ነገር ጨለማ ነው። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል። ያንን ሳታገኙ ሳምንት ከሆናችሁ ምናልባት የተጣላችሁት ከሰው ሳይሆን ከድካማችሁ ጋር ነው።

አሁን ስለ ፍቅር። ምሬት መጀመሪያ የሚበላው ቅርብ ያለውን ሰው ነው። ውጭ ያለውን ሰው እንታገሠዋለን፣ ቤት ስንገባ የተረፈንን እናራግፋለን።

ጆን ጎትማን የሚባል ተመራማሪ ጥንዶችን ለብዙ ዓመታት አጥንቷል። ካያቸው ነገሮች አንዱ በጣም ትንሽ ነገር ነው። ሰው ፍቅር ሲፈልግ "ፍቅር ስጭኝ" አይልም። "ነይ እስኪ ይሄን እይው" ነው የሚለው። ጎትማን አዲስ ተጋቢዎችን አይቶ ከስድስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲያጣራ፣ በትዳር የጸኑት መጀመሪያ በታዩበት ጊዜ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥሪ ከ100 ጊዜ 86ቱን ምላሽ ይሰጡ ነበር። የተፋቱት 33 ጊዜ ብቻ። ምላሹ ትልቅ ነገር መሆን የለበትም። ቀና ብሎ ማየት ይበቃል።

ይህን ባነበብኩ ሰሞን ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ጫማውን ገልብጦ ያያል። "እይው እስኪ፣ ሶሉ ተላቀቀ" አለኝ። እጄ ላይ ስልክ አለ፣ አንድ ሰው የጻፈው የሚያናድድ ነገር እያነበብኩ ነው። ስልኩን አስቀመጥኩና ሄጄ ጫማውን ተቀበልኩት። በእርግጥም ከጎኑ እስከ ተረከዙ ድረስ ተላቋል። ጣቴን ወደ ውስጥ አስገባሁ። "በዚህ እኮ ነው ሳምንቱን ሙሉ የተመላለስከው?" አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ቁጭ ብሎ መንገድ ላይ ምን እንደገጠመው ያወራኝ ጀመር፣ ከጫማው ተነስቶ ለአለቃው እንዴት ደፍሮ እንደተናገረ ሁሉ ነገረኝ። ለካ የሚያወራው ነገር ነበረው። ጫማው መግቢያ ነው።

ከዚያ ወዲህ እነዚህን ጥሪዎች ጆሮዬን ሰጥቼ ነው የምጠብቃቸው። "ዛሬ ደመናው አያምርም?" "ይሄ ልጅ ረዘመ አይደል?" "ሻወሩ ደግሞ ያንን ድምፅ ጀመረ።" ከሁሉም ኋላ ሰው አለ። ጎትማን ሌላም የታወቀ ቁጥር አለው፤ በደህና ትዳር ውስጥ ሰዎች ሲጣሉ እንኳ ለአንድ ክፉ ንግግር ወይም ድርጊት አምስት ደግ ነገር ይገኛል ይላል። ይሄ ከላይ ካልኩት ጋር ይገጥማል። ክፉው ስለሚበረታ ደጉ መብዛት አለበት። ግን በቁጥር አትያዙት። ስትቆጥሩ ፍቅር ሂሳብ ይሆንባችኋል።

ትዳር ለሌላችሁም ይሄው ነው። ፍቅር ማለት የትዳር አጋር ብቻ አይደለም። "እንዴት አደርሽ" ብላ ቆም የምትል የሥራ ባልደረባ ጥሪ እያቀረበች ነው። ከስልኩ ቀና ብሎ የሚመልስላት ሰው ግን ጥቂት ነው።

ስለ ስልኩ ብዙ አልልም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኖቲፊኬሽን አጠፋሁ። ስድብ የሚበዛባቸው ግሩፖች ውስጥ ሁለቱን ትቼ ወጣሁ፣ የቤተሰቡን ግን ድምፁን ዘጋሁት እንጂ አልወጣሁም። ጠዋት ከጸሎት በፊት ስልክ አልነካም። ከሁሉም የረዳኝ ይሄ የመጨረሻው ነው። ቀኑን የሚከፍተው የማላውቀው ሰው ንዴት እንዲሆን አልፈቅድም።

ምስጋና መጻፍም ሞክሬያለሁ። ሮበርት ኢመንስና ማይክል ማከላው እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጥናት በሳምንት አንድ ጊዜ እስከ አምስት የሚያመሰግኑበትን ነገር ለአሥር ሳምንት የጻፉ ተማሪዎች፣ የሚያማርሩበትን ከጻፉት ይልቅ ስለ ኑሯቸው ደህና ስሜት ነበራቸው። እኔም በየቀኑ ስጽፍ ሰለቸኝ፣ በሳምንት አንዴ ሲሆን ግን ይጣፍጠኛል። "ጤና፣ ቤተሰብ፣ ሰላም" ብሎ መጻፍ ምንም አይፈይድም። "ማክሰኞ ራሴን ሲያመኝ ልጄ መብራቱን አጠፋልኝ" ስትሉ ግን ነገሩ ተመልሶ ይሰማችኋል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ምስጋና አፍ መዝጊያ አይሁን። ያዘነ ሰውን "አመስግኚ እንጂ" ማለት ያሳምማል። እኔ መጀመሪያ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ ነው የማመሰግነው። ቅደም ተከተሉን ሳዛባው አይሠራልኝም።

ከምሳ ጓደኛዬ ጋር ምን ሆነ? አሁንም ምሳ አብረን እንወጣለን። እሷን ልሰብካት አልፈለግኩም። ስታወራ ግን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ጀመርኩ፤ "አንቺስ እንደዚያ ሲልሽ ምን ተሰማሽ?" መጀመሪያ ደነገጠች። "እኔማ... ልቅሶዬ መጣ" አለችኝ። ያን ቀን ስለ ሰውየው አላወራንም። አባቷ በልጅነቷ እንደዚያ ሰው ፊት ይቆጣት እንደነበር ነገረችኝ። ስንት ጊዜ አብረን ስናማርር ይህን አላውቅም ነበር።

ሁለት ነገር ግን ከምሬት ጋር እንዳይቀላቀል እፈልጋለሁ። አንደኛው በደል ነው። የሚመታችሁ፣ የሚያስፈራራችሁ፣ ከሰው የሚያርቃችሁ ሰው ካለ ያ "አሉታዊነት" አይደለም። በጸሎትና በጥሩ ምላሽ ብቻ የሚታለፍ ነገር አድርጋችሁ አትያዙት። ለሚታመን ሰው ተናገሩ፣ ራሳችሁን አትርፉ። እምነት በደልን መሸፈኛ አይደለም።

ሁለተኛው የድብርት ሕመም ነው። ሐዘኑ ወይም ምንም ነገር ደስ አለማለቱ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል፣ ከየቀኑ ሳይጠፋ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተዛባ፣ ራሳችሁን ከንቱ አድርጋችሁ ማየት ከጀመራችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው፤ በምክክርም በመድኃኒትም ይታከማል። ጸሎቱን ሳታቋርጡ መድኃኒቱን ውሰዱ። እኔን ያማከሩኝ አባትም ይህንኑ ነው የሚሉት። የመሞት ሐሳብ ከመጣባችሁ ደግሞ ነገ አትበሉ። ዛሬውኑ አጠገባችሁ ላለ ሰው ተናገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ።

ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ "ምሬቱ የሚመጣው ልርቃት ከማልችላት ከእናቴ ቢሆንስ?" የሚል ነው። የኔም እናት እንደዚያ ናት። ስትደውል የሚቀድመው ክፉው ወሬ ነው፤ ማን ታመመ፣ ማን ተጣላ፣ ማን ከዳ። ዱሮ "እማዬ በቃ ሌላ ነገር አውሪኝ" እላት ነበር። ትቀየማለች፣ ወሬውም አይቆምም። አሁን ሁለት ሦስቱን እሰማና "አንቺስ እማዬ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ሌሊት ትተኛለሽ?" እላታለሁ። አንዳንድ ቀን "እኔማ ደህና ነኝ" ብላ ወደ ወሬው ትመለሳለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ዝም ትልና ብቻዋን መሆኑ እንደከበዳት ትነግረኛለች። ያኔ ስለ ሌላ ሰው አናወራም። ስልኩ እንደተከፈተ አብረን አባታችን ሆይ እንላለን፣ እሷ ትጀምራለች እኔ እከተላለሁ፣ ከዚያ መቼ እንደምመጣ ቀን እንቆርጣለን።